ለኢንተርቪው ያልመጣው ሰውዬ

ቀጣሪዎች ሻይ ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? አንድ የማይቀር ወሬ አላቸው። «ሥራ የለም እያሉ ያለቅሳሉ፤ ሃያ ሰው ጠርተን ስምንት መጣ!» ይላል አንዱ። «ስምንት መጣልህ? ዕድለኛ ነህ» ይላል ሌላው። ከዚያ ጨዋታው ወደ «ትውልዱ» ይዞራል። ትውልዱ ሰነፍ ነው። ትውልዱ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። ትውልዱ ዛሬ ተቀጥሮ ነገ ሥራ አስኪያጅ መሆን ያምረዋል። (ትውልዱ እንግዲህ እኔና እናንተ ነን፤ ተዋወቁ።)

እሮሮው ውሸት ነው አልልም። ሰው ተጠርቶ ይቀራል፤ ያውም ብዙ ሰው። ሦስት ፈታኞች ሥራቸውን ጥለው፣ የታሸገ ውሃ ፊታቸው ተደርድሮ፣ በር በሩን ሲያዩ መዋል ያበሳጫል። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምዳሜ ነው፦ አልመጣም፣ ስለዚህ ሥራ አልፈለገም። ይቺ «ስለዚህ» ከየት መጣች?

እስቲ የአንዲት ኢንተርቪው ሂሳብ አብረን እንሥራ። አመልካቹ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እናቱ ቤት ይኖራል እንበል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከማያውቀው ቁጥር ይደወልለታል። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኦሪጅናል ዶክመንትና ኮፒ ይዘህ ቦሌ ና።» የድርጅቱ ስም በደንብ አልተሰማም፤ እሱ ደግሞ ባለፉት ሁለት ወራት ሠላሳ ቦታ አመልክቷል። መልሶ ሲደውል ስልኩ አይነሳም፤ ቢነሳም ጥበቃው ያነሳና «እኔ አላውቅም፣ ነገ ደውል» ይለዋል።

እሺ፣ የት እንደሆነ አወቀ። በነጋታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የታክሲ ሰልፍ ይያዛል። ረዳቱ መሐል መንገድ ላይ «መጨረሻ!» ይላል፤ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ። ሲመለስም እንደዚያው። ኮፒ አለ። ጫማ ማስጠረግ አለ፤ በክረምት ጭቃ ሁለት ጊዜ። ነገሩ ረዝሞ ሰባት ሰዓት ካለፈ ምሳ አለ፣ ወይም ምሳን የምታስረሳ ሻይ በብስኩት።

ይህ ሁሉ ብር ከየት ይመጣል? ልጁ ደመወዝ የለውም፤ ቢኖረው ኢንተርቪው ምን ያደርግለታል? ከእናት ይመጣል፣ ከታላቅ እህት ይመጣል፣ ከጓደኛ በብድር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን እየመረቁ ይሰጡታል። አምስተኛው ላይ ምርቃቱ ይቀራል። አሥረኛው ላይ ማንም ሳይከለክለው ራሱ መጠየቅ ያፍርና «ነገ ኢንተርቪው አለኝ» ማለቱን ይተዋል። ቀጣሪው ዝርዝሩ ላይ «አልቀረበም» ብሎ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ይህንን ማፈር ነው።

በዚያ ሁሉ ብር የሚገዛውስ ምንድን ነው? ማስታወቂያው ላይ ደመወዝ «በስምምነት» ይላል፤ ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት»። ስኬሉን የሚያውቀው ድርጅቱ ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚነገረው ደመወዝ ለመመላለሻ ብቻ የሚበቃ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚያስይዝ ሥራ ከሆነ «ዋስ ማቅረብ ትችላለህ?» ይባላል። ወይም ደግሞ ቦታው ድሮ ሰው የተያዘለት ሆኖ፣ እሱ የተጠራው ፋይሉ ላይ አምስት ስም እንዲሞላ ነው። ሎተሪ በሉት። ያውም ሎተሪ ዕጣው የሚወጣበት ቀን ቲኬቱ ላይ ተጽፎበታል፤ «እንደውልልሃለን» ግን ቀን የለውም።

አካውንቲንግ የጨረሰች አንዲት ጓደኛዬን አንድ የግል ድርጅት ሦስት ጊዜ አመላልሷታል። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ ኢንተርቪው፣ ከዚያ «ሥራ አስኪያጁ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ»። ሄደች፤ ሥራ አስኪያጁ በዕለቱ አልገቡም። (እዚህ ላይ የቀረው ማነው?) ለአራተኛ ጊዜ ሲደውሉላት ደመወዙ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። «ስትመጪ ይነገርሻል» ተባለች። አልሄደችም። የዚያን ዕለት እዚያ ቢሮ ውስጥ ስለ ትውልዱ ምን እንደተባለ መገመት አያቅተኝም።

«ታዲያ ምን ይሁን? የቀረ ይቀጣ እንጂ!» የሚል አይጠፋም። ጥሩ፤ መቅጣቱን በሰፊው የሞከሩ አገሮች አሉና እነሱን እንይ። እንግሊዞች ሥራ ለሌለው ሰው ድጎማ ይከፍላሉ። ድጎማው ግን ዝም ብሎ አይመጣም። ሥራ ፈላጊው ጆብ ሴንተር በሚባለው ቢሮ በቀጠሮው ቀን እየቀረበ፣ ከተመደበለት አማካሪ ፊት ተቀምጦ፣ ሥራ ሲፈልግ መሰንበቱን ማስረዳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የቅጣቱ ሕግ በጣም ጠበቀ። አሁን ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው አሠራር፣ ሥራ መፈለግ ግዴታው የሆነ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ ካሳለፈ ለራሱ የሚከፈለው መሠረታዊ ድጎማ ሊቆም ይችላል። የሚቆመው ተመልሶ እስኪቀርብ ድረስ ሲሆን፣ በዚያ ላይ እንደ ድግግሞሹ 7፣ 14 ወይም 28 ቀን ይጨመርበታል። የሚገርመው፣ በቅርብ ዓመታት ከተጣሉት ቅጣቶች ከመቶ ዘጠናው በላይ «ይህን ሥራ አልሠራም» በማለት የመጡ አይደሉም። ያቺን የአማካሪ ቀጠሮ በመቅረት የመጡ ናቸው።

ውጤቱስ? የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ያሠራው አንድ ጥናት አለ። አላወጣም ብሎ ሲያንገራግር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2023 አወጣው። ለምን እንዳንገራገረ ሲነበብ ይገባል፦ የተቀጡት ሰዎች ካልተቀጡት ዘግይተው ነው ሥራ የገቡት፤ ሲገቡም ያገኙት ደመወዝ ያነሰ ነው። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከድጎማው ከ30 በመቶ በላይ እየቆረጡ መቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ብሎ ወስኗል። ሁለቱም አገር ክርክሩ እስከ ዛሬ አላባራም፤ እዚያም ሻይ ቤት ስለ ትውልዱ የሚያወራ አለና።

እኛ ጋ የሚቆረጥ ነገር የለም። የሥራ አጥ ድጎማ የሚባል የለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ከሥራ ለተሰናበተ ሰው የስንብት ክፍያ ያስባል፤ ያ ግን መጀመሪያ ሥራ የነበረው ሰው ነው። ገና ጋዋኑን መልሶ ሲቪ ማባዛት ለጀመረ ልጅ ያለው ድጎማ የእናቱ ቦርሳ ነው። ስለዚህ የእንግሊዙ ሥራ ፈላጊ የሚቀጣው ሲቀር ነው፤ የእኛው የሚቀጣው ሲሄድ ነው።

ይህን ከካፌ ወሬ ተነስቼ አይደለም የምለው። አዲስ አበባ በዚህ ጉዳይ በደንብ የተጠናች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሩም አበበ እና ስቴፋኖ ካሪያ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከመሐል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን ይዘው አንድ ሙከራ ጀመሩ። ያን ጊዜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነበር የሚለጠፈው፤ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ቆሞ የማንበብ ዘመን ነው። ለአንዳንዶቹ የመመላለሻ ታክሲያቸውን ከፈሉላቸው። ለሌሎቹ በኮሜርስ በኩል ሲቪ አጻጻፍና የኢንተርቪው ዝግጅት አስተማሯቸው፣ ፈትነውም ችሎታቸውን የሚያሳይ ሰርተፊኬት ሰጧቸው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ቡድኖች ምንም ካልተደረገላቸው ይልቅ የተሻለ ሥራ ያዙ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የታክሲው ውጤት ጠፍቷል፤ ሥልጠናውን የወሰዱት ግን የተሻለ ገቢ ነበራቸው። እንግዲህ የታክሲ ስለከፈልን ነገሩ አለቀ አይባልም። ያለ ታክሲ ግን ነገሩ አይጀመርም።

ለእኔ የሚጥመኝ ሁለተኛው ጥናት ነው። እሱም ግሩምና ካሪያ ያሉበት፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ነው። አንድ የጽሕፈት ሥራ ማስታወቂያ ወጣ። ከጠያቂዎቹ ለተወሰኑት «መጥታችሁ ብታመለክቱ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላችኋል» ተባለ። ይህን የሰማ ቀጣሪ ሁሉ የሚለውን እናውቃለን፤ «ለብሯ ብሎ የሚመጣ ሥራ ፈት ይሞላብኛል!» የሆነው ተቃራኒው ነው። የመጡት አመልካቾች ጎበዞች ሆኑ፤ ገንዘቧ የበለጠ ችሎታ ያላቸውን ሳበች።

እንዴት? አጥኚዎቹ ያገኙት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሳስበው ግን ያመኛል። ጎበዝም ሆኖ የታክሲ ብር የማይቸግረው ልጅ ቀድሞ ብዙ ቦታ ሄዷል፣ ቀድሞ ተቀጥሯል፣ ከሰልፉ ወጥቷል። ሰልፉ ላይ የቀረው ጎበዝ መመላለሱ የከበደው ጎበዝ ነው። ስለዚህ ያልመጣውን «የማይረባ ነበር» ብሎ የሚሰርዝ ቀጣሪ ከዝርዝሩ ውስጥ ምርጡን ሰው እየሰረዘ ሊሆን ይችላል። እዚያው ጥናት ላይ የከተማችን ቀጣሪዎች እንዲህ ያለው ክፍያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ተጠይቀው ነበር። አሳንሰው ገመቱት።

ዛሬ ሰሌዳውን ቴሌግራም ተክቶታል። ማመልከት አልጋ ላይ ተኝቶ በአውራ ጣት የሚሠራ ነገር ሆኗል። መሄድ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም በታክሲ ዋጋ ብሶበታል። ሠላሳ ቦታ በነፃ አመልክቶ ሦስት ቦታ ብቻ ለመሄድ አቅም ያለው ልጅ ሃያ ሰባቱ ጋ «የማይታመን» ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የዘንድሮው እሮሮ ትልቁ ክፍል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ቀጣሪ ወዳጆቼ፣ ደመወዙን ጻፉት። እውነት እላችኋለሁ፣ የማይመጣው ሰው ግማሹ ቤቱ ሆኖ ይወስናል፤ እናንተም ባዶ ወንበር አታዩም። የመጀመሪያውን ዙር በስልክ አድርጉት፤ አሥር ደቂቃ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደውላችሁ «ነገ ጠዋት» አትበሉ። ቦታውንና ሰዓቱን በቴክስት ላኩ። በአካል ለሚመጡት አምስት ሰዎች ደግሞ የታክሲ ስጡ፤ ለስብሰባ ከምታዘጋጁት ውሃና ኩኪስ አይበልጥም።

ከእኛ በኩል ያለውንም ልለፈው አልችልም። ሌላ ሥራ ይዘህ፣ ወይም ላለመሄድ ወስነህ፣ ስልክ አጥፍተህ መተኛት ነውር ነው። አንድ መስመር ቴክስት ይበቃል፦ «ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ፣ መምጣት አልችልም።» ዝርዝሩ ላይ ከአንተ ቀጥላ ያለችው ልጅ በአንተ ፋንታ ልትጠራ ትችል ነበር፤ የታክሲ ብሯን አዘጋጅታ ስልኳን የምታይ ልጅ። ቀጣሪዎቹም በምላሹ ከማስታወቂያቸው ግርጌ «ላልተመረጡ አንደውልም» የምትለዋን መስመር ያንሱልን። እነሱ ከደወሉ እኛም እንደውላለን።