ስርጕድ እና ጕብጥ

ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡት የሳይንስ ቃላት አንዱ «ስርጕድ» የሚለው ነው። ቃሉ ግን ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ሕፃን ሲስቅ ጕንጩ ስርጕድ ይላል፤ ጣሳም ድንጋይ ሲያርፍበት ይሰረጐዳል። እንግዲህ ስርጕድ ማለት መካከሉ ወደ ውስጥ የገባ ማለት ነው። ተቃራኒው ጕብጥ ነው፤ ይኸውም መካከሉ ወደ ውጭ የወጣ።

«ጐድጓዳ» የሚለው ቃል ለዚህ ይቀርባል እንጂ አንድ አይደለም። ጐድጓዳ ሰሐን ስንል ጥልቀቱንና ወጥ መያዙን እናስባለን። ስርጕድ ስንል ግን የገጹን አጐናበስ ብቻ መናገራችን ነው፤ ጥልቀቱ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ስርጕድ መባሉ አይቀርም።

ደግሞም ስርጕድነት የሚነገረው ከታየበት ወገን አንጻር ነው። ማንኪያ በሆዱ ስርጕድ፥ በጀርባው ጕብጥ ነው። ልጆች የሚያብለጨልጭ ማንኪያ ከፊታቸው ራቅ አድርገው ይመልከቱ። በጀርባው መልካቸው አንሶ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ በሆዱ ግን ተዘቅዝቆ ይታያል። ስለዚህ «ስርጕድ ነው» ከማለት አስቀድሞ «በየትኛው ወገን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ስርጕድ መስታወት የመጣበትን ብርሃን መልሶ ወደ አንድ ስፍራ ይሰበስባል። በየጣራው የተተከለው የቴሌቪዥን ሰሐንም ከሰማይ የሚመጣውን ሞገድ የሚሰበስበው በዚሁ ቅርጹ ነው። ብርሃንን በውስጡ የሚያሳልፈው ምስሪት፥ በተለምዶ ሌንስ የሚባለው፥ ስርጕድ ሲሆን ግን ብርሃንን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። ቅርጹ አንድ ሲሆን ሥራው ተቃራኒ ነው።

ይህን መለየት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ። ቅርቡን እያየ ሩቁን ማየት የተሳነው ልጅ፥ ብርሃኑ በዓይኑ ውስጥ ከሚገባው ስፍራ ሳይደርስ አስቀድሞ ይሰበሰብበታል። ስርጕድ ምስሪት ብርሃኑን ጥቂት በትኖ ወደ ትክክለኛው ስፍራ ያደርስለታል። የዚህን ምክንያት ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1604 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶአል።

አያቱ ዳዊት የሚደግሙበት የንባብ መነጽር ግን ምስሪቱ ጕብጥ ነው። ልጁ ሰሌዳውን ያይ ዘንድ ይህን ቢያውሱት ሩቁ ይብሱን ይደበዝዝበታል። ከዚያም «መነጽር ተሰጥቶትም አላነበበም» ተብሎ ያለ ጥፋቱ ሰነፍ ይባላል።

የመነጽር ምስሪት የፊት ገጹ ብዙ ጊዜ ጐበጥ ብሎ ስለሚሠራ በመልኩ ብቻ አይለይም። ነገር ግን ከጽሕፈት በላይ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ፊደሉን ካሳነሰው እንደ ስርጕድ፥ ካጐላው እንደ ጕብጥ የሚሠራ ነው። የዓይን ሐኪም በሚጽፈው ወረቀትም የመቀነስ ምልክት ለስርጕድ፥ የመደመር ምልክት ለጕብጥ ይቆማል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጨነቍር፥ መጽሐፉንም ከአፍንጫው የሚያስጠጋ ቢሆን፥ ከመቈጣት በፊት ዓይኑን አስመርምሩለት። በቤት የተገኘውንም መነጽር ሁሉ አንድ ነው ብላችሁ አታድርጉለት።