የዝምታችን ወለድ

ባለፈው እሑድ በባለቤቴ ወላጆች ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ሽማግሌዎቹ ወረቀት ይዘው የሠርግ ጥሪ ይቆጥሩ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ እህት በጥር ታገባለች። ዝርዝሩ 450 ሰው ላይ ሲደርስ «ገንዘቡስ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛው አጎት እጃቸውን አወናጨፉና «ሠርግ እኮ ነው ልጄ፤ ከየትም ብለን እንበደራለን» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። «ከማን? በስንት ወለድ? ማንስ ይከፍለዋል?» ስል ቤቱ ጸጥ አለ። ከጓዳ በኩል አንዲት ዘመድ «እሷ እኮ ከድሮም ቋጣሪ ናት» ስትል ሰማኋት።

ቋጣሪ! ይህን ስም ከሦስት ዓመት በላይ ዝም ብዬ ተሸክሜዋለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በጥር 2013 ነው። እሱ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ እኔ የወር ደመወዝተኛ ነኝ። በእጃችን ያለው ብር የሚበቃው ለ100 ሰው ነበር፤ ያሰብነውም እሱኑ ነበር። «ሰው ምን ይላል?» የሚሉት ነገር ገባና 100ው 400 ሆነ። አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ቬሎ፣ የሚዜ ሱፍ፣ ሁለት በሬ፣ ቪዲዮ፤ ከዚያ መልስ፣ ከዚያ ደግሞ ቅልቅል። ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር 70,000 ብር፣ ከአጎቴ 18,000 ብር ወሰድን። አልበቃም። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴ ሳይነግረኝ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄደ። 60,000 ብር ተቀብሎ «90,000 ብር ተበድሬያለሁ፤ በአምስት ወር እመልሳለሁ» ብሎ ፈረመ። በላዩ ላይ ቼክ ፈርሞ አስረከበ።

አራጣ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሙሽራ ካለ ይስማኝ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ውል ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። አበዳሪው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ ወለዱን ወለድ ብሎ አይጽፈውም፣ ከዋናው ብድር ጋር ደምሮ ያስፈርማል እንጂ። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ ወንጀል ስለሆነ፣ ቼኩ አንገት ላይ የተጠለቀ ገመድ ነው። ሕግ የጣሰው ሰውዬ በሰላም ይተኛል፤ የተበደረው እስር ቤት እያለመ ያድራል፣ ለማንም ትንፍሽ አይልም። አራጣ አበዳሪ የሚበላው የእኛን ዝምታ ነው።

ሰኔ ደረሰ፤ 90,000 ብር የለም። ባለቤቴ ያን ዕለት ሌሊት ነገረኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ አብሬው ደበቅሁ። ሰውየው ቼኩን ባንክ እንዳያስገባ በየወሩ 9,000 ብር «ማራዘሚያ» ከፈልን። የእኔ የወር ደመወዝ ማለት ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፤ በአራት ወር 36,000 ብር። ከዋናው ዕዳ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰልንም። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ሲመጣ ግን ቡናው ከነፈንዲሻው ይቀርብ ነበር፤ ስኳሩም ፈንዲሻውም በዱቤ። የባለሱቁ ደብተር ላይ «የአናጺው ቤት» የሚል ገጽ ነበረን። ዘይት 1፣ ሳሙና 2፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ገጹ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው አለፈ። ባለሱቁ ደብተሩን ሲያወጣ ሌላ ደንበኛ እንዳያይ በክርኔ እከልለው ነበር።

በጥቅምት 2014 ባለቤቴ በሠፈራችን አዲስ እቁብ ሲጀመር ገባ። ሰው 30፣ በየወሩ 3,000 ብር። የመጀመሪያው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ብድግ አለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አራጣ ውስጥ ገብቻለሁ። የመጀመሪያውን ስጡኝ» አለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ መሬት መሬት አያለሁ። የእቁቡ ዳኛ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ስንት ነው ያለብህ?» አሉት። «90,000» አለ። «ሁለት ዋስ ጥራ» አሉት። አሥር ደቂቃም አልፈጀም። ስንወጣ ሁለት ሰዎች አንድ በአንድ ተከትለውን መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ውስጡ ነኝ» አሉን። ሁለቱም ሠፈሩ ሀብታም የሚላቸው ናቸው።

በማግስቱ በእቁቡ 90,000 ብር ዕዳውን ከፍለን ቼኩን ተቀበልን። ያ ሁሉ የሌሊት ላብ፣ ያ 36,000 ብር፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አራት ወር ቀድመን ባለመናገራችን የመጣ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ያሳደጉን ሰዎች፣ ዕዳን ግን እንደ ነውር ደብቁ ብለው አሳደጉን!

ስለዚህ በየሬዲዮው «ማኪያቶ ተዉ» የምትሉን ምክር ሰጪዎች እባካችሁ ተዉን። በወር 9,000 ብር ለአራጣ ለሚገብር ቤት ማኪያቶ ምኑ ነው? መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን። ቁጠባ ትርጉም ያገኘው እቁቡ አራጣውን ከነቀለልን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ አዎ፣ ቆጠብን። ምሳ ዕቃ ይዘን ወጣን። ማታ ማታ ከሜክሲኮ እስከ ልደታ በእግሬ ሄድኩ። ጤፉን በማሽላ ቀላቀልን። ለፋሲካ ዶሮውን ትተን ቅርጫ ገባን። በአንድ ወረቀት ላይ 30 ሳጥን አሰመርኩ፤ እቁቡ በተከፈለ ቁጥር አንዷን በቀይ እስክሪብቶ እሞላለሁ። መጀመሪያ ወረቀቱን የለጠፍኩት ቁም ሣጥኑ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ነበር። ስድስተኛዋን ሳጥን የሞላሁ ዕለት ነቅዬ ሳሎን ለጠፍኩት። እንግዳ ሲጠይቅ «ዕዳችን ነው» እላለሁ። ከዚያ በኋላ «ለምን ድግስ አላበላችሁም?» ብሎ የጠየቀን ጎረቤት የለም።

ዘመድ ግን ጠይቋል። በ2015 ልጃችን ክርስትና ስትነሣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ብቻ አቀረብን፤ ሰው 20። አንዲት አክስት «ልጅቷን አዋረዳችኋት» ብለው ዳቦውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ያን ማታ ተሰበርኩ። አሥራ ስምንተኛዋ ሳጥን ገና አልተሞላችም፤ መንገዱ ማለቂያ የሌለው መሰለኝ። ጡት እያጠባሁ ያቺን ወረቀት ስመለከት አደርኩ። እኚያ አክስት በሠርጋችን ቀን ከፊት ወንበር ነበሩ። ወለዱን በከፈልንባቸው አራት ወሮች ግን አንድ ቀን ደውለው «እንዴት ናችሁ?» አላሉንም። ይህ ትዝ ሲለኝ እንባዬ ቆመ።

ደግሞ አንድ አዲስ ብልጠት መጥቷል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። «ብር እየረከሰ ነው፣ ተበደሩ! ዕዳው በራሱ ይቀልላል» የሚሉ በዙ። ተበድሮ ቤት ወይም መኪና ለገዛ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ተበድሮ ቁርጥ ያበላ ግን ምኑ ይወደድለታል? ሥጋው ተበልቷል፣ አዳራሹ ለሌላ ሙሽራ ተከራይቷል። ገበያ ሲወጣ ደመወዜ አብሮ አልወጣም፤ ጤፉ ባሻቀበ ወር ለማኅበሩ የሚቆረጠው ብር ያው ነበር፣ ለሽሮው የሚተርፈው ነው ያነሰው።

የእቁቡ 30 ሳጥን በመጋቢት 2016 ሞላ። የአጎቴን ከዚያ ቀጥሎ መለስን። የማኅበሩ ብድር በታኅሣሥ 2017 አለቀ። ባለሱቁ ሦስቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ ሰረዝ ሰርዞ፣ ገንጥሎ ሰጠኝ። «እትዬ፣ ይህን ለልጅሽ አስቀምጪላት» አለኝ።

እኔ ሠርግን አልጠላም። እልልታውን፣ ጭፈራውን እወዳለሁ። የምጠላው ያቺ ለጋ ልጅ፣ የባለቤቴ እህት፣ ቬሎዋን ካወለቀች በኋላ ከማታውቀው ሰው ስልክ በተደወለ ቁጥር የምትደነግጥበትን ኑሮ ነው። አጎትየው አይደነግጡላትም። ከጓዳ የተናገረችውም አትከፍልላትም። «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለውን ተረት ለእኔ የነገሩኝ እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው።

እሑድ ዝርዝሩን ይዘው ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ። ቡናውን አፈላለሁ፤ ቆሎም አለ። ሦስቱን የደብተር ገጾችና የተቀደደውን ቼክ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻለሁ፤ ለሙሽሪትም ደውዬ ከሁሉም ቀድማ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።