በሩ ወደ ታች ብቻ ነው እንዴ የሚከፈተው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቡድን ወይም ስለ ባለሥልጣን አይደለም። ስለ አንድ በር ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ብዙዎቻችሁ እዚህ በር ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ።

እኔ ዲግሪ አለኝ፤ ሥራ የለኝም። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ዓመት ቤት ከምቀመጥ ብዬ ወደ አንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄጄ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ተመዘገብኩ። ዲግሪዬን አሳየሁ፣ ፎቶ ሰጠሁ፣ ፈረምኩ፤ አለቀ። ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀብኝም።

የሰፈሬ ልጅ፣ አብሮ አደጌ፣ መንገዱን በተቃራኒው ነው የጀመረው። ከ10ኛ ክፍል ወደ ግብርና ሥልጠና ገባ፣ ደረጃ 4 ጨረሰ፣ ሲኦሲውን አለፈ፣ ከዚያ ቀበሌ ወርዶ በልማት ሠራተኛነት አራት ዓመት ሠራ። ግንድ አድርቅ የያዘውን ቡና ገና ቅጠሉ ሲጠወልግ ያውቀዋል። ገበሬው "ልጄ፣ እስኪ ይቺን እያት" ብሎ የሚጠራው እሱን ነው። ይሄ ልጅ ዲግሪዬን ልማር ብሎ ሲጠይቅ ምን ተባለ? "ከዜሮ ትጀምራለህ፤ እሱም ቅዳሜና እሁድ፣ ከኪስህ ከፍለህ።" የት እንደሆነ ስም አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ቢሮ ቢሆንማ ኖሮ ሌላ ቢሮ ሄዶ ይገላገል ነበር።

ልብ በሉልኝ። እኔ ወደ ታች ለመውረድ ግማሽ ቀን በቃኝ። እሱ ወደ ላይ ለመውጣት የተማረው ሁሉ እንዳልተማረ ተቆጠረበት።

ሚዛንን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ግቢዎቹ ሚዛን አማንና ቴፒ ላይ ናቸው። እዚሁ ሚዛን አማን ውስጥ ለቀበሌዎች ልማት ሠራተኛ ሲያወጣ የኖረ የግብርና ኮሌጅ አለ። የጤና ሳይንስ ኮሌጅም አለ። ዙሪያውን ደግሞ ቡና ነው፤ በበቃ በሉት፣ ሸኮ በሉት፣ የኪ በሉት። ዛሬ ዓለም በጨረታ የሚሻማበት "ጌሻ" የሚባለው ቡና ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ዓለም ግን ያወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ፓናማ ላይ ተወዳድሮ ሲያሸንፍ ነው። ዘሩ የእኛ፣ ዝናው የፓናማ! እዚያ አንድ ሰው ለይቶ ቀምሶ "ይሄ ይለያል" ብሎ ለብቻው አቀረበው። እኛ ጋ ያንን ሥራ ማን ይሥራው? ቡና ሥር ያደገው፣ በሽታውን በዓይኑ የሚለየው ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ዘግተን ማንን ነው የምንጠብቀው?

"ጎበዝ ቢሆን ኖሮ በፈተናው ያልፍ ነበር" የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በሦስቱም ዓመት ከ100 ተፈታኝ ከ94 በላይ የሚሆነው ወድቋል ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው? ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ፊዚክስን በጠመኔ ብቻ የተማረ ልጅና አዲስ አበባ በአስጠኚ የተማረ ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ነው የተፈተኑት። በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዘመን ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ ዕጣ ፈንታው በጥቂት ቀን ይወሰን ነበር። አብሮ አደጌ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

መንግሥት ራሱ አንድ ፈተና ሁሉን እንደማይናገር አምኗል። ለዚህ ነው ሪሚዲያል የመጣው፤ 50 ያላመጡት ተመርጠው ወራት እንዲማሩና እንደገና እንዲፈተኑ ዕድል ተሰጣቸው። ጥሩ ነው፤ እኔ አልቃወምም። ግን ፈተናውን ለወደቀ ልጅ ሁለተኛ ዕድል ካለ፣ ዓመታት ሠልጥኖ፣ በሙያው ተመዝኖ፣ መሬት ላይ ሠርቶ ላስመሰከረውስ?

"መንገዱ እኮ አለ" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ሲኦሲና የሥራ ልምድ ይዘው ዲግሪ የሚማሩ አሉ፤ ሕልም ነው አላልኩም። ግን እንዴት ነው የሚማሩት? አብዛኛው በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ፣ በክረምት ወይም በርቀት፣ ከደመወዙ እየቀነሰ። በመደበኛ የሚገባው ተማሪ ዶርምና ካፌ ያገኛል፤ ወጪውን በወጪ መጋራት ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው የሚከፍለው። የቀበሌዋ ልማት ሠራተኛ ግን ቀድማ ትከፍላለች፤ ቴፒ ወይም ሚዛን ለመድረስ ትራንስፖርትም ከራሷ። ኮሌጅ የተማረችውን የአፈር ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንደ አዲስ ልትማረው ትችላለች። ደሃዋ ሁለት ጊዜ ከፈለች ማለት አይደል?

ለምን እንዲህ ሆነ? በ2014 ዓ.ም. ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ቴክኒክና ሙያው ወደዚያ ሄደ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ሆኑ። ኮሌጁ በብቃት አሃድ ይመዝናል፤ ዩኒቨርሲቲው በክሬዲት ይቆጥራል። ሁለቱን ቁጭ ብሎ "ይሄ ሥልጠና ከዚህ ኮርስ ጋር እኩል ነው" ብሎ የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ከሌለ፣ ልጁ ማስረጃውን ይዞ መሃል ላይ ይቀራል።

ይሄ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እዚሁ ጎረቤታችን ጅማ ላይ ተሠርቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲመሠረት ዓለማያ ላይ ሕንጻው ገና አልደረሰም ነበር። ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ ሰዎች እገዛ የኮሌጁ ትምህርት በጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ ዓለማያ ሲደርስ ተማሪዎቹ ወደዚያ ተዛወሩ። ያ ኮሌጅ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በቡና አገር ከሙያ ትምህርት ቤት ጎን የጀመረ ትምህርት ወደ ትልቅ ኮሌጅ ተሻገረ፤ ማንም "ከዜሮ ጀምሩ" አላላቸውም።

ወደ ውጭ ካያችሁ ደግሞ ካሊፎርኒያ አለች። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ዕቅድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ እዚያ ሁለት ዓመት በጥሩ ውጤት የተማረ ልጅ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲሻገር መንገድ ተበጀለት። እንደ በርክሌይ ያለ ውድድሩ ከባድ የሆነ ቦታ እንኳን ከኮሌጅ የመጡትን ይቀበላል። የትኛው የኮሌጅ ኮርስ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚያዝ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ያነበዋል። እኛ የእነሱ ገንዘብ የለንም። ሰንጠረዥ ለማውጣት ግን ገንዘብ ሳይሆን ስብሰባ ነው የሚያስፈልገው፤ ስብሰባ ደግሞ ሞልቶናል!

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። "አንተ ዲግሪ ይዘህ ሥራ ፈት ነህ፤ ሌላውን ወደዚያው ትጠራለህ?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ያማል፤ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ የምለው ሁሉም ዲግሪ ይያዝ አይደለም። እኔ ዲግሪ ይዤ አንድም ቀን መሬት ላይ አልሠራሁም፤ እሱ ሠርቷል። ሥራ ላይ ያለና የሚጎድለውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሲማርና እኔ ምደባ ስለደረሰኝ ብቻ ስማር አንድ አይደለም። ወረቀቱ ያለ ሙያ ምን እንደሚመስል እኔን እዩ። ሙያው ያለ ወረቀት የት ላይ እንደሚቆም ደግሞ እሱን።

"ጥራት ይወርዳል" ለሚሉትም መልስ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አያገኝም። ከየትም በር ይግባ፣ መውጫው አንድ ነው። ካላለፈ ይውደቅ። ሳይሞክር ግን አይውደቅ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ ሚኒስቴሮች የትኛው የደረጃ 4 እና 5 ሥልጠና በየትኛው የዲግሪ ኮርስ እንደሚያዝ በግልጽ ያውጡ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ ፕሮግራም፣ ከነዶርሙ፣ ከኮሌጅ ለሚመጡ በውድድር የሚያዝ ጥቂት ቦታ ይመድብ። ሦስተኛ፣ ሙከራው ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አንድ ከተማ ውስጥ ባሉበት ይጀመር። ሚዛን ለዚህ ምን ይጎድላታል?

እስከዚያው ለእናንተ፣ ኮሌጅ ላላችሁት። ማስረጃችሁን አታዝረክርኩ፤ ትራንስክሪፕታችሁን፣ ሲኦሲያችሁን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ለየትኛውም የግል ኮሌጅ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮግራሙ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። "ይያዝላችኋል" ያላችሁን ሰው በማኅተም ጻፍልኝ በሉት። በቃል የተነገረ ነገር ምዝገባ ላይ አይያዝም።

ዩኒቨርሲቲ ላላችሁት ደግሞ፣ ከኮሌጅ የመጣውን ልጅ "ቴክኒክ ነው" እያላችሁ አትናቁት። ነገ የእናንተን አሳይመንት መሬት ላይ የሚተረጉምላችሁ እሱ ነው።

አብሮ አደጌ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ከደመወዙ ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን ብር አጠራቅሟል፤ ከዜሮም ቢሆን ሊጀምር ነው። ደስ ልበል ወይስ ልናደድ ግራ ገባኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እንደ እሱ የገጠማችሁ በኮሜንት ጻፉ፤ ከየትኛው ደረጃ፣ በየትኛው ሙያ እንደሆነ ግለጹ። ሼር አድርጉት፤ ሰንጠረዡን ማውጣት የሚችሉት ሰዎች ጋ እስኪደርስ ድረስ።