ደብዳቤያችን በማን ቤት ይደር?

የአማርኛ ፊደል ግድፈት ማረሚያ ፕሮግራማችንን ለሁሉም በነፃ እንሰጣለን። ምንጩንም ገልጠን ለዓለም እናሳያለን፤ የፈለገ ያርመው፥ የፈለገ ያሻሽለው ብለናል። ስለዚሁ ፕሮግራም የሚጻፍልንን ደብዳቤ ግን የምንቀበለው በአንድ ጓደኛችን የግል ጂሜይል ነው። ጓደኛችን በሰኔ ይመረቃል፤ ጋዋኑንም ተለክቷል። ከዚያስ?

ነገሩን አቅልለው የሚያዩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። «ጂሜይል ይሠራል፥ ገንዘብም አይጠይቅም፤ የፖስታ ሣጥን ምን ያጨቃጭቃል?» ይሉናል። እስቲ ያስቡት። ምንጩ የተቀመጠበት ቦታ የይለፍ ቃል ቢጠፋ አዲሱ የሚላከው ወደዚያው ሣጥን ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ ያገኘ ሰው፥ ወሬው ሳይሰማ በጓዳ የሚነግረን በዚያው ሣጥን ነው። እንግዲህ የሣጥኑን ቁልፍ የያዘ የፕሮግራሙ ጌታ ነው፤ ሣጥኑን ያስቀመጠው ኩባንያም የጌታው ጌታ ነው። በዩኒቨርሲቲ አድራሻ እንጠቀም የሚሉም አሉ፤ ተማሪው ሲወጣ የሚዘጋ አድራሻ ምን ይጠቅመናል?

«በነፃ» የምትለዋን ቃል እንመርምራት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2006 በራሳቸው ዶሜይን ኢሜይል ለሚፈልጉ ሁሉ አገልግሎቱን ያለ ክፍያ መስጠት ጀመረ። በ2012 መጨረሻ ለአዲስ ገቢዎች በሩን ዘጋ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ የቀድሞዎቹም እንዲከፍሉ አስታወቀ፤ ጩኸት ሲበዛበት ለግል ጉዳይ የሚጠቀሙትን ብቻ ተዋቸው። አሥር ዓመት የተቀመጠ እንግዳ በአንድ ማስታወቂያ ሻንጣህን አዘጋጅ ተባለ። በኩባንያው አንፈርድም፤ ቤቱ የእርሱ ነበረ።

ኢሜይል ግን ከመሠረቱ የማንም ርስት አይደለም። ደብዳቤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ሥርዓት፥ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. የተባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1982 ለሁሉ በግልጽ የታተመ ነው። ደብዳቤውን ከሰርቨር የምናነብበት አይማፕም እንደዚሁ ክፍት ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ፖስትፊክስና ዶቭኮት ምንጫቸው እንደ እኛው ፕሮግራም የተገለጠ ነው።

በዚህ ተደስተው «እንግዲያው ሰርቨሩን በመኝታ ክፍላችን እንትከል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ልባቸውን እናከብራለን፤ ምክራቸውን አንቀበልም። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በአገራችን ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር፤ የላኪ ሰርቨር ግን ደጋግሞ ሞክሮ ብዙውን ጊዜ በአምስት ቀን ገደማ ተስፋ ይቆርጣል፥ ደብዳቤውንም ለላኪው ይመልሳል። ከዚህም ሌላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከማያውቁት ሰርቨር የመጣን ደብዳቤ እንደ ሌባ ያዩታል። ደቢያን የራሱን የደብዳቤ ሰርቨር ያስተዳድራል፤ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ሰዎች ስላሉት ነው። በእኛ ዘንድ የፈተና ሰሞን ማን ሊጠብቀው ነው?

ፕሮቶንንና ቱታን የሚያነሡም አሉ። ምስጢር በመጠበቅ የታወቁ ናቸው፤ ይህን አንነፍጋቸውም። ነገር ግን ቱታ አይማፕን አይቀበልም፤ ፕሮቶንም የሚፈቅደው ለከፋይ ደንበኛ፥ ያውም በራሱ አገናኝ ፕሮግራም በኩል ነው። እኛ የምንሻው በማናቸውም የደብዳቤ ማንበቢያ ፕሮግራም እንደ ልብ የሚነበብ፥ ቅር ባለንም ቀን ጠቅልለን ወደ ሌላ የምንወስደው ሣጥን ነው።

ስለዚህ ዶሜይኑ በኅብረቱ ስም ይመዝገብ፤ በግለሰብ ስም ፈጽሞ አይሁን። ዶሜይኑ የእኛ ከሆነ አስተናጋጁን ብንለውጥም አድራሻው አይለወጥም። ክፍት ምንጭ ባላቸው ፕሮግራሞች ለሚሠራ፥ አይማፕ ለሚሰጥ አስተናጋጅ ከመዋጮአችን እንክፈል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ እውነተኛ ችግር ነው። ውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች የዓመቱን አስቀድመው ቢከፍሉልን እናመሰግናቸዋለን፤ ቁልፉ ግን እዚህ፥ በየዓመቱ በሚመረጡ ሦስት ተማሪዎች እጅ ይሁን። የዶሜይኑ ማደሻ ቀንም በኅብረቱ መዝገብ ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላልና።

የኅብረቱ ተመራጮች ይህን ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ አቅርበው ድምፅ ያሰጡበት። ለሰኔ የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው።