የሕፃን መድኃኒት በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሰጥ

በሰቆጣ ገበያ ማር በሚዛን ይሸጣል። ከአበርገሌ ቆላ የመጣች ፍየል የሚገዛ ነጋዴም ጀርባዋን ዳብሶ፣ ከመሬት ብድግ አድርጎ፣ ሥጋዋን ገምቶ ነው ብሩን የሚቆጥረው፤ ዕድሜዋን ብቻ ጠይቆ የሚገዛ ሞኝ የለም። ለማርና ለፍየል ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ለታመመ ልጅ መድኃኒት ሲታዘዝ ግን «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ይበቃናል። ልጁ ሳይመዘን ቢቀር «ለምን?» ብለን አንጠይቅም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው አጭር ነው፤ በአበርገሌም ሆነ በመላው ዋግ ኽምራ ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት በዕድሜ ግምት መሰጠቱ ቀርቶ በክብደት ይሰጥ። ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ወንድም ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምነዋለን።

ሕፃን ማለት ያነሰ ዐዋቂ ሰው ማለት አይደለም። መድኃኒትን ከሰውነት የሚያስወግዱት ጉበቱና ኩላሊቱ ገና በማደግ ላይ ናቸው። ዓለም ይህን የተማረው በሕፃናት ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት ለአራስ ሕፃናት በብዛት ይሰጥ ነበር። ሕፃናቱ ሆዳቸው እየተነፋ፣ ገላቸውም አመድ እየመሰለ ይሞቱ ጀመር። በ1959 ሐኪሞች ነገሩን መርምረው በጽሑፍ አወጡት፤ የአራሱ ጉበት መድኃኒቱን ለማስወገድ አልደረሰም ነበርና በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ገደለው። መድኃኒቱ ሲሠራ መርዝ አልነበረም፤ መርዝ ያደረገው ልኩን ማለፉ ነው።

ከዚያ ዘመን ወደ ቤታችን እንመለስ። ፓራሲታሞል በየቤቱ የሚገኝ፣ ማንም የማይፈራው መድኃኒት ነው። የሕፃን ልኩ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም። ደኅና ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ቢበዛ 210 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ምግብ ያጣ የሦስት ዓመት ልጅ ግን 9 ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ልክ ቢበዛ 135 ሚሊ ግራም ነው። ሁለቱም «ሦስት ዓመታቸው ነው» ተብለው እኩል ቢሰጣቸው፣ ከሲታው ልጅ ከሚገባው ከአንድ እጥፍ ተኩል በላይ ወሰደ ማለት ነው። ያውም መድኃኒቱን የሚሸከመው ረኃብ ያደከመው ጉበት ነው። ይህ በቀን አራት ጊዜ፣ ለተከታታይ ቀናት ቢደጋገም ምን እንደሚያስከትል ማስላት የሚያቅተው ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

እንግዲህ ይህን ስሌት ይዘን ወደ አበርገሌ ብንወርድ ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ ዕድሜ ራሱ ግምት ሆኖ እናገኘዋለን። የልደት ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በገጠር ብዙ እናት የልጇን ልደት የምታስታውሰው በድርቁ፣ በጦርነቱ ወይም በአዝመራው እንጂ በወረቀት አይደለም። ሁለተኛም ክብደት ከዕድሜ ወደ ኋላ ቀርቶ እናገኘዋለን። መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማጥፋት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ መሰየሙን ሁላችንም እናውቃለን። የሰቆጣ ስም በዚህ ነገር የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜው በግምት በሚነገርበት፣ ክብደቱም ከዕድሜው ባነሰበት አገር፣ ለደኅና ልጅ ተብሎ የተዘጋጀ የዕድሜ ሠንጠረዥ ሁለት ጊዜ ይዋሻል።

ማነሱም እንደ መብዛቱ ይጎዳል። አበርገሌ ቆላ ነው፤ ወባም ያውቀዋል። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የሚታደለው በኪሎ ነው፤ ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 ኪሎ ላልሞላ ልጅ አንድ ክኒን፣ ከ15 ጀምሮ 25 ላልሞላ ሁለት፣ ከ25 ጀምሮ 35 ላልሞላ ሦስት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይወሰዳል። የ16 ኪሎውን ልጅ በዓይን ዐይቶ «14 ይሆናል» ያለ ሰው የመድኃኒቱን እኩሌታ ነጠቀው ማለት ነው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን በርዶ እናቲቱ የቀረውን ለታናሹ ብታስቀምጥም ነገሩ ያው ነው። በግማሽ መድኃኒት የተመታች የወባ ተሐዋሲ ሳትሞት ትተርፋለች፤ መድኃኒቱንም መልመድ ትጀምራለች። በኢትዮጵያና በኤርትራ የወባ ተሐዋስያን ለዚሁ መድኃኒት እየጠነከሩ መምጣታቸው የሚያሳይ ማስረጃ በቅርብ ዓመታት ተገኝቷል። ስለዚህ በአንድ ቤት የተጓደለ ልክ የጎረቤትም ዕዳ ነው።

በቤት ውስጥ ያለውም መስፈሪያ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ «አንድ የሻይ ማንኪያ» ሲባል 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ የሾርባ ማንኪያ ግን 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። «ማንኪያ» ብሎ ብቻ የሸኘ ሰው ሦስት እጥፍ ሊያስጠጣ ይችላል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ ነው፤ በአንድ ኩባያ ቢበጠበጥ ጨው ሆኖ ሕፃኑን ይጎዳዋል። ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ ጥሩ መስፈሪያ ነው። አብሮ የሚሰጠው ዚንክም ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከስድስት ወር በታች ላለው ግማሹ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ነው። እንቢ ያለን ሕፃን አፍንጫውን ይዞ ክኒን መጋት ደግሞ ወደ ሳንባው እንዲገባ መፍረድ ነውና ፈጽሞ ይቅር።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «መድኃኒቱ ራሱ በሌለበት ስለ ሚዛን ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉናል። ችግሩን እናውቀዋለን። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ የአበርገሌ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ በሰቆጣና በአካባቢው ተጠልሎ ከርሟል፤ የጤና ተቋማትም ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ነገር ግን ክርክሩ ወደ እኛ ያደላል። መድኃኒት በሞላበት ከተማ የተሳሳተ ልክ የወሰደ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ይደርሳል። ከቆላው መንደር በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ለሚመጣው ግን ስሕተቱ የሚታረምበት ጊዜ የለም። አንዲት ጠርሙስ ብቻ ያለችው እናት ከማንም ይልቅ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋታል።

ደግሞም መለካት የሀብታም ሥራ አይደለም። ትራኮማን ለማጥፋት በአማራ ክልል መንደሮች አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲታደል፣ ምልክት የተሰመረበት ዘንግ ይቆማል፤ ልጁ ከዘንጉ ሥር ቆሞ ራሱ በደረሰበት መስመር መጠን መድኃኒቱ ይሰፈርለታል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የሚዋጠው ቀርቶ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ያለ መብራት፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ ነው። ዘንጉ ለመድኃኒት ሁሉ ይሆናል ማለታችን ግን አይደለም፤ አዚትሮማይሲን ጥቂት ቢበዛም ቢያንስም የሚታገሥ መድኃኒት ስለሆነ ነው። የማይታገሡት ሚዛን ይሻሉ። ሚዛኑም ቢሆን ከጣራ ላይ ተንጠልጥሎ ሕፃን በማዘያ የሚመዘንበት ቀላል ዕቃ ነው። የክንድ መለኪያው ጥብጣብም የታወቀ ነው፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ያሳየ ሕፃን በብርቱ መጎዳቱን ይናገራል። ለምግብ እርዳታ ሲሆን የምንመዝነውን ልጅ ለመድኃኒት ሲሆን ሳንመዝን የምንሸኝበት ምክንያት አይገባንም።

ሕዝባችን ይህን ቢነገረው አይቀበልም የሚል ካለ ተሳስቷል። ኮሶ ለነፍሰ ጡር ሴት እንደማይሰጥ ያወቀ ሕዝብ፣ መድኃኒት በሰውነት አቅም እንደሚለካ ከማንም አልተማረም። የሚያስፈልገው የአዲሱን መድኃኒት ልክ በሚገባው ቋንቋ መስማት ነው። ኽምጣንጋ የምትናገር እናት በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ብትሄድ ምን ይጠቅማታል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም የታመመ ሕፃን መድኃኒት ሳይታዘዝለት በፊት ይመዘን፤ ኪሎውም በማዘዣው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሚጠጣ መድኃኒት ያለ መስፈሪያ አይሰጥ፤ ሰጪውም ልኩን በእናቲቱ ቋንቋ ይንገራት፣ እርሷም መልሳ ትንገረው። ሦስተኛ፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን የሚሠራ ሚዛን ይኑራቸው፤ የተሰበረው ይጠገን፣ የተዘረፈው ይተካ።

አራተኛው ግን ለራሳችን ነው። የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች ሆይ፣ ከዋግ ልጆች ጋር ተቀምጣችሁ የፓራሲታሞልን፣ የኮአርተምን፣ የኦ.አር.ኤስ.ንና የዚንክን ልክ በግማሽ ገጽ ኽምጣንጋ ጻፉ፤ መምህራኖቻችሁም ይመርምሩት። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በዕድርና በገበያ እናንብበው። የአበርገሌ ገበሬ በሚከፍለው ግብር የምንማር እኛ ከፍየሉ ያነሰ ሚዛን ለልጁ ከፈቀድንለት፣ የተማርነው ትምህርት ምን ላይ ሊውል ነው?