ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር!

አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ሻማ ይለኮሳል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚለኮሰው ግን ወሬ ነው። ከምርጫ 97 በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖረ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቆረጠ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተለየች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ። ገዢዎቻችን ስማቸውን ቢቀያይሩም የጨነቃቸው ዕለት መጀመሪያ የሚቆርጡት መስመሩን ነው።

ይህን ጊዜ ከዋሽንግተን እስከ ሪያድ፣ ከለንደን እስከ ስቶክሆልም ያለው ወገን እናቱን ደውሎ ማግኘት ያቅተዋል። ያቺን ሰዓት ጠብቆ አንዱ «ሰበር ዜና!» ብሎ ይጮኻል። ፎቶ ይለጠፋል፣ የሟች ቁጥር ይጠራል። ማን አየ? መቼ? የት? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ትናንት በፓልቶክ ክፍል ይወራ የነበረው ዛሬ በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይወራል። የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

መንግሥት ይዋሻል ማለት ለዚህ ዓምድ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የምንደግፈው ወገን ሲዋሽስ? ከሌላ አገር ጦርነት የተወሰደ የሬሳ ፎቶ «የእኛ ሰዎች ናቸው» ተብሎ ሲለጠፍ ለትግሉ የጠቀመ የሚመስለው አለ። ተሳስቷል! ያ ፎቶ ሐሰት መሆኑ በተረጋገጠ ዕለት ገዳዩ እጁን ታጥቦ «አያችሁ፣ ሁሉም እንዲህ ነው» ይላል። በእውነት ልጇን የቀበረችው እናትም የሚያምናት ታጣለች። ለበዳይ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

«ለሐሰተኛ መረጃ ሕግ ወጥቶለታል» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ነገር ግን ሐሰቱን ከእውነቱ የሚለየው ከሳሹ መንግሥት ራሱ ከሆነ፣ ያ ሕግ ውሸታሙን ትቶ ጠያቂውን ላለማሰሩ ምን ዋስትና አለን? ዋስትናው አንባቢው ራሱ ሲነቃ ነው።

ማታለል ደግሞ የግድ የውሸት ፎቶ አይፈልግም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። ደርግ በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ሥጋ የሚበሉትን ውሾች ቆራርጦ አስገብቶበት ነበር። ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው፤ ሥራውን የሠራው ስፌቱ ነው። ሕዝቡ በመሸሸጉ የተቆጣበት ረሃብ ሐቅ ነበር። ግን ያን ማታ «ይህን የሰፋው ማነው? ነገ ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው?

ይህን መጠየቅ የሚያስተምር ነገር ዛሬ በነጻ ተዘርግቷል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 25 የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና 10 ሐቅ አጣሪዎችን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ አደረጉ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ በገጹ ውበትና በዓርማው ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተው ሌሎች ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ሰውየውን ስለ ራሱ አትጠይቀው፣ ጎረቤቱን ጠይቅ! «ሲቪክ ኦንላይን ሪዝኒንግ» የተባለው የእነዚሁ ተመራማሪዎች ትምህርት ይህንኑ በነጻ ያስተምራል።

ማይክ ኮልፊልድ የተባለው አሜሪካዊ መምህር ደግሞ ነገሩን በአራት እርምጃ ጠቅልሎታል፦ ከማጋራትህ በፊት ቁም፤ ምንጩን መርምር፤ የተሻለ ዘገባ ፈልግ፤ ወሬውን እስከ መነሻው ተከተል። ፎቶ ከሆነ በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፈልጉት። ቲንአይ ያገኘውን ከጥንቱ ጀምሮ እንዲደረድር ማዘዝ ስለሚቻል የዘንድሮ የተባለው ፎቶ ከዓመታት በፊት ወጥቶ ከሆነ ይጋለጣል። ባለሥልጣን ተናግሮ የሰረዘውን ቃል ዌይባክ ማሽን ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ለጋዜጠኞች ያዘጋጀው የሐሰተኛ መረጃ መመሪያም በነጻ ይነበባል። በእኛው ቋንቋ ደግሞ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያወጧቸው ማጣሪያዎች አሉ። ውጤታቸውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሱበትም እያያችሁ አንብቡ፤ እነርሱንም ቢሆን በጭፍን አትመኑ።

መሣሪያዎቹ ሁሉን አይፈቱም። ትናንት የተነሣ ፎቶ በውሸት መግለጫ ቢለጠፍ ቲንአይ ላያገኘው ይችላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከውማ የባሰ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ልብ ነው። በጣም ያስቆጣህን፣ ይልቁንም በጣም ደስ ያሰኘህን ወሬ አስቀድመህ ጠርጥር።

ከዘረዘርነው አብዛኛው በእንግሊዝኛ መሆኑ ሌላው ችግር ነው። በየከተማው የኮሙኒቲ ማኅበር አለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ፊደል እናስቆጥራለን። አንዷን ቅዳሜ ለወላጆች አድርገን ፎቶ እንዴት እንደሚጣራ ብናሳይስ? እንግሊዝኛ የሚችለው ወጣት አራቱን እርምጃ በአማርኛ ጽፎ ለአክስቱ ቢልክስ? ገንዘብ አይጠይቅም፤ የፓርቲ መታወቂያም አይጠይቅም።

እኛ እዚህ በአንዲት ጣት የምንልካት ወሬ እዚያ ጎረቤትን ከጎረቤት ልታጋድል ትችላለች። ጣታችን ከመንካቷ በፊት አምስት ደቂቃ እንስጣት።

ቸር ወሬ ያሰማን!