ስልክ ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጨምሩ

ባለፈው ሰሞን እናቴ ስልኳን ይዛ መጣች። “ይሄ የባንኩ ነገር እምቢ አለኝ እኮ፣ እስኪ እየው” አለችኝ። ስክሪኑ አልተሰነጠቀም፣ ባትሪው እስከ ማታ ያደርሳታል። አፕሊኬሽኑ ግን የአንድሮይዱ ስሪት አሮጌ ስለሆነ አልሠራም ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አፕዴት የሚለውን ነካሁት። “ስልክዎ ወቅታዊ ነው” አለኝ። የመጨረሻው አፕዴት የመጣው ከአምስት ዓመት በፊት ነው!

ስልክ ቤት ስንሄድ መልሱ አጭር ነበር፦ “አዲስ ግዛላት።” እኛም ለምደነዋል፤ ስልክ ሲያረጅ ይሞታል ብለን ተቀብለናል። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ለአንድ ተጨማሪ ሞዴል አፕዴት ማዘጋጀት ስንት ያስወጣል?

እያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ቦርድ አለ። ፕሮሰሰሩ፣ ካሜራው፣ ኔትወርክ የሚይዘው ክፍል ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስለዚህ ቦርዱን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ማለትም ፈርምዌሩ፣ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ለእያንዳንዱ ቦርድ ለየብቻ መዘጋጀት አለበት። ይህን በእጅ መሥራት አድካሚ ነው። ዛሬ ግን አብዛኛውን ልፋት የሚሸከመው ማሽን ነው። የጋራው ኮድ አንዴ ይስተካከላል፤ ሰርቨሩ የቦርዶቹን ዝርዝር ይዞ ለእያንዳንዱ በየተራ ፈርምዌር ይገነባል። ሰዎቹ ተኝተው እሱ ይሠራል።

ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለውን የራውተር ሶፍትዌር ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር መነሻው አንድ የሊንክሲስ ራውተር ነበር። ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ሞዴሎች ላይ ይሠራል። በስልክ በኩል ደግሞ ሊኒጅ ኦኤስ አለ፤ በ2016 መጨረሻ ሳያኖጅንሞድ ሲዘጋ በጎ ፈቃደኞች የቀጠሉት በአንድሮይድ ላይ የተመሠረተ ሲስተም ነው። እዚያ የሚገነቡት ስልኮች ስም በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ በየመስመሩ ተጽፏል። ማሽኑ ፋይሉን እያነበበ ይገነባል። ስሙ ከመስመሩ ከተሰረዘ ለዚያ ስልክ አዲስ ነገር አይመጣም። በቃ።

ኢኮኖሚክሱ ይሄ ነው፦ ትልቁ ወጪ የሚወጣው ሥርዓቱን አንዴ ለመዘርጋት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሞዴል መጨመር በጣም ይቀላል።

“ታዲያ ሁሉም ስልክ ለምን አይታደስም?” ትሉ ይሆናል። ማሽን ሁሉን አይችልማ። ፈርምዌሩ ያለ ስህተት ተገነባ ማለት ካሜራው ይከፍታል ማለት አይደለም። ስልኩን በእጁ ይዞ የሚሞክር ሰው ያስፈልጋል። ሊኒጅ ኦኤስ ላይ ስልኮች ኃላፊነት የወሰደ ተንከባካቢ አላቸው፤ እሱ ሲደክመውና ተተኪ ሲጠፋ ስልኩም ከዝርዝሩ ይወጣል። በዚያ ላይ የቺፕ ሠሪዎቹ ኮድ በከፊል ዝግ ነው፤ እነሱ ካቆሙ በጎ ፈቃደኛውም እጁ ይታሰራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ፍላሽ አድርጉ አልላችሁም። የተሳሳተ ፋይል ስልኩን ድንጋይ ያደርገዋል፤ አንዳንድ የባንክ አፕሊኬሽኖችም የተቀየረ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ።

ኮዱም፣ መሞከሪያ ስልኩም፣ ደመወዝተኛ መሐንዲሱም ያለው አምራቹ ጋ ነው። ሲፈልግ እንደሚችልም አይተናል። ጉግል ፒክስል 8ን በ2023፣ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24ን በ2024 ሲያወጡ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። እነዚህ ግን ውድ ስልኮች ናቸው። ብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ላሉት ርካሾቹ ያን ያህል ዕድሜ የሚሰጥ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቆየ ስልክ ማደስ ለአምራቹ ገቢ አያመጣም፣ አዲስ መሸጥ ግን ያመጣል። ገበያው ብቻውን አያስተካክለውም የምለው ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የስልክ ደንብ፣ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ስላለው የ5 ዓመት የሶፍትዌር አፕዴት የሚናገር አንቀጽ አስገብቷል።

እኛም ከቀላሉ እንጀምር። መድኃኒት ስንገዛ የሚያበቃበትን ቀን እናያለን። የስልክ ካርቶን ላይም “አፕዴት እስከዚህ ዓመት” ተብሎ ይጻፍ። ይህን ማስገደድ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። እስከዚያው እናንተ ስልክ ቤት ስትገቡ ከ“ስንት ጂቢ ነው?” ቀጥሎ “አፕዴት እስከ መቼ ይመጣለታል?” በሉ። ሻጩ አላውቅም ይላችሁ ይሆናል። በቀን አሥር ሰው ከጠየቀው ግን እሱም አስመጪውን መጠየቁ አይቀርም።

እናቴ አዲስ ስልክ አልገዛችም። ለአንድ ሐዋላ ቅርንጫፍ ሄዳ ወረፋ ትይዛለች፣ ግማሽ ቀኗ ያልቃል። ስልኳ ግን አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ይጮሃል፤ ምንም አልሆነም።